የደም አድራቂው ምላስ

ክር በጥርሴ የመቁረጥ ልማድ አለኝ። ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ቆቦ ገበያው አጠገብ ካለች ሱቄ በር ላይ የስፌት መኪናዬን አውጥቼ ቀኑን ሙሉ እሰፋለሁ። መቀስ ጭኔ ላይ ተቀምጦ እንኳ ክሩን ወደ አፌ ነው የምወስደው። ይኸው ልማድ እያደር የላይኛውን የፊት ጥርሴን ጠርዝ ሸረፈው። መጀመሪያ ችላ አልኩት። ኋላ ግን ቀዝቃዛ ውሃ በነካኝ ቁጥር እስከ ጆሮዬ ይነዝረኝ ጀመር፤ በቆቦ ሙቀት ደግሞ ቀዝቃዛ ውሃ ሳይጠጡ መዋል የማይታሰብ ነው።

ከጦርነቱ በኋላ አስፋልቱ ዳር አንዲት ትንሽ የጥርስ ክሊኒክ ተከፍታ ነበር። ሐኪሟ ወጣት ሴት ናት፤ ከደጋ የመጣች፣ ቆላውን ያልለመደች፣ ግንባሯን በጋዋኗ እጅጌ እየጠረገች የምትሠራ። ለመሄድ ሱቄን ስዘጋ አባቴ ደረሰ። የገበያ ቀን ስለነበር ከሮቢት ማዶ ካለው መንደራችን መጥቷል።

«ወዴት ነው?» አለኝ።

«ጥርሴን ልታይ።»

ፊቱ ልውጥ አለ። «ብቻሽንማ አትሄጂም!»

በእሱ ዘመን ጥርስ መታየት ማለት ጉጠት ማለት ነበር። ገበያ ዳር የሚቀመጥ አንድ ነቃይ ነበረ አሉ፤ ጎረምሶች ትከሻህን ጨምድደው ይይዙሃል፣ እሱ ይነቅላል፣ በጨው ውሃ ትጉመጠመጣለህ፣ አለቀ። ስለዚህ አባቴ ገበያውን ትቶ እጄን ሊይዝልኝ ተከተለኝ። ትልቅ ሴት ነኝ፣ ልጆች ወልጃለሁ፤ ግን እምቢ አላልኩትም። ደስ አለኝ።

ስለ አባቴ ጥቂት መናገር አለብኝ፤ ያለዚያ ቀጥሎ የሆነው ነገር ለምን እንደዚያ እንደከበደን አይገባም። አባቴ ደም አድራቂ ነው። በኛ ቆላ ሰው ሰውን ሲገድል ነገሩ በፍርድ ቤት ብቻ አያልቅም። ገዳዩ ቢታሰርም ደሙ በሁለቱ ወገን መካከል እርጥብ ሆኖ ይቀመጣል። አንዱ ወገን ሌላው ባለበት ገበያ አይውልም፤ ሰርግ አይጠራራም፤ ለቅሶ አይደራረስም። ያንን ደም የሚያደርቁት ሽማግሌዎች ናቸው፤ ሼኩም ቄሱም አብረው ይቀመጣሉ። ከእነሱ መካከል መጀመሪያ ቃል የሚያወጣው፣ መጨረሻም ላይ ዱዓ የሚያደርገው አባቴ ነው። ቀጭን ሰው ነው፤ ድምፁ ግን ከሰውነቱ ይበልጣል። ሲናገር አይቸኩልም፣ አይጮህም። ክላሽ አንግቶ የመጣ ጎረምሳ እሱ ሲናገር መሬት መሬት እያየ እንባውን ሲጠርግ አይቻለሁ። «የእሱ አፍ ደም ያደርቃል» ይላሉ፤ እውነት ነው።

ከመናገሩ በፊት ትምባሆውን ያወጣል። ከአፋር ነጋዴዎች የሚገዛት ናት፤ ቆንጠር አድርጎ በግራ ጉንጩና በምላሱ መካከል ይወሽቃታል። እኔ ነፍስ ካወቅሁ ጀምሮ እዚያች ቦታ ያለ ትምባሆ አይቼው አላውቅም። «ነገር የምታበስልልኝ እሷ ናት» ይል ነበር።

ሐኪሟ የእኔን ጥርስ አይታ ሳቀች። «ልብስ ሰፊ ነሽ አይደል? ክር የቆረጠው ጥርስ ራሱ ይናገራል» አለችኝ። የተሸረፈውን ሞላችልኝ፣ አለሳለሰችው። አባቴ ግድግዳው ሥር ካለው አግዳሚ ላይ ተቀምጦ፣ ጉጠት ይወጣል ብሎ ሲጠብቅ ምንም ሳይወጣ አለቀ። ልንሄድ ስንነሳ ዞር አለችና፣

«አባባ፣ እርስዎስ? እስቲ አንዴ አፍዎን አይቼ ላሰናብትዎ» አለችው።

«እኔማ አላመመኝም ልጄ።»

«ያላመመውን ነው ማየት የምፈልገው አባባ። የታመመውማ በራሱ ጊዜ ይመጣል።»

አባቴ እያያት ቆመ። ነገር የሚያውቅ ሰው ነው፤ ቦታው ላይ የወደቀ ቃል ሲሰማ ይሸነፋል። «ይቺስ ሽማግሌ ናት!» አለና ሳቀ። ትምባሆውን አወጣ፣ አፉን ተጉመጠመጠ፣ ኮፍያውን እኔ እጅ ላይ አስቀምጦ ወንበሩ ላይ ጋደም አለ።

ጥርሱን ብቻ የምታይ መስሎኝ ነበር። እሷ ግን ከጥርሱ አልጀመረችም። መጀመሪያ አንገቱን በሁለት እጇ ከጆሮው ሥር እስከ አገጩ በጣቶቿ ጫፍ ዳበሰች። ከንፈሮቹን ገልብጣ አየች። ጉንጮቹን ከውስጥ በመስታወቷ ገለጥ እያደረገች አየች። «አአአ ይበሉ» አለችው፤ ለሸንጎ የሚነሳው ያ ድምፅ «አአአ» አለ። ከዚያ ምላሱን በነጭ ፋሻ ጫፉን ያዘችና በቀስታ ወደ ውጭ ሳብ አደረገችው። ወደ ቀኝ አዘነበለችው። ወደ ግራ ልታዘነብል ስትል እጇ ቆመ።

መብራቱን ጠጋ አደረገችው። ድጋሚ አየች። ጓንት ባጠለቀ ጣቷ ቦታዋን ዳበሰች። 

«እህቴ፣ ነይ እይልኝ» አለችኝ።

ጎንበስ አልኩ። በምላሱ ጎን፣ ወደ ሥሩ ጠጋ ብሎ፣ የትንሽ ጣት ጥፍር የምታክል ነጭ ነገር ነበረች፤ የተቀባች እንጂ የበቀለች አትመስልም። ከመሃሏ ደግሞ አንዲት ቀላ ያለች ነጥብ። ያ ብቻ ነው። እኔ ነጭ ጨርቅ ላይ ያለች የዘይት ጠብታ ከሩቅ የምለይ ሴት፣ እሷ ባታሳየኝ ኖሮ አላያትም ነበር። ደግሞም በዚያች ቅጽበት አንድ ሌላ ነገር አስደነገጠኝ። ከዚህ አፍ የወጣውን ቃል ዕድሜዬን ሙሉ ሰምቻለሁ፤ አገር ሰምቶታል። ውስጡን ግን አንድም ሰው አይቶት አያውቅም። እሱ ራሱም።

«ያምዎታል?» አለችው።

«የቱ?»

«ይህቺ ቦታ።»

«እዚያ ምንም የለም እኮ ልጄ።»

ምላሱን ለቀቀችና ወንበሩን ቀና አደረገችለት። ቁጭ እስኪል ጠበቀች። ከዚያ በዓይኑ ትክክል ዝቅ ብላ ተናገረች። «አንገትዎ ላይ ያበጠ ነገር አላገኘሁም፤ ይህ ጥሩ ነው። ምላስዎ ላይ ግን ያልወደድኳት አንዲት ነጭ ቦታ አለች። ከጎኗ ያለው መንጋጋ ጥርስዎ ተሰብሮ ስለት አውጥቷል፤ እሱ እየፋቃት ሊሆን ይችላል። ትምባሆውም ሊሆን ይችላል። ስለቱን ዛሬ አስተካክልልዎታለሁ። ትምባሆውን ደግሞ እርስዎ ይተዉልኛል። ከሁለት ሳምንት በኋላ ድጋሚ አያታለሁ። ከጠፋች ጠፋች። ካልጠፋች ደሴ ይሄዳሉ፤ ከእሷ ላይ ቅንጣት ታህል ተወስዳ ትመረመራለች።»

አባቴ እስክትጨርስ ሰማት። በመጨረሻ፣ «ምን እንዳትሆን ፈርተሽ ነው?» አላት።

በኛ አገር የዚያን በሽታ ስም ማንም ጮክ ብሎ አይጠራም። «ያ ክፉ» ይባላል፤ «ነቀርሳ» የሚለውም በሹክሹክታ ነው። እሷ ግን ድምፅዋን ዝቅ አላደረገችም። «ካንሰር እንዳይሆን ነው አባባ። ነው ማለቴ አይደለም። ግን ከሆነም እንደዚህ ትንሽ ሆኖ የተገኘ ይድናል። ሰው እኔ ዘንድ የሚመጣው መዋጥ ሲያቅተው ነው፤ ያኔ እጄ አጭር ነው።»

አባቴ እጁን ዘርግቶ እጇን ያዘ። «አንቺ ልጅ አትዋሺም» አለ። 

ትምባሆውን የዚያኑ ቀን ተወ። ሰው ለአርባ ዓመት ቢለምነው የማይሰማው አባቴ፣ መንገድ ላይ ከኪሱ አውጥቶ ለአንድ ሽማግሌ ወዳጁ ሊሰጥ እጁን ዘረጋና መልሶ ሰበሰበው። «ለምን በእሱ ላይ?» አለና ጉድባ ውስጥ በተነው። ከዚያ በኋላ የነበሩት ቀናት ለእናቴ መከራ ነበሩ። ቁጡ ሆነ፤ ቅርንፉድ እያኘከ ግቢውን ይዞረዋል። ቀጠሮው ሲደርስ ተመልሰን ሄድን። የመንጋጋው ስለት የነካው ቦታ ድኗል። ነጯ ነገር ግን እዚያው ነበረች።

ደሴ ሄድን። መንገዱ በዚያ ሰሞን ሲዘጋ ሲከፈት ነበርና ሾፌሩ ወልድያ ላይ አሳድሮን በማግሥቱ ደረስን። ሐኪሙ ቦታዋን አደንዝዞ ቅንጣት ወሰደ፤ አባቴ ትንኝ የነካው ያህል እንኳ አልተሰማውም። ውጤቱን መጠበቁ ነበር ከባዱ። እንደ ልማዴ ስፌቴን ቀጠልኩ፤ ግን እጅጌ የሌለው ቀሚስ ሰፍቼ ባለቤቷ እስክትስቅብኝ ድረስ ልቤ ሌላ ቦታ ነበር።

ውጤቱ ሲመጣ ሐኪሟ የፈራችው ሆነ። ካንሰር ነው። ግን ገና እየወጣ ያለ ቡቃያ ነው፤ ሥር አልሰደደም። የደሴው ቀዶ ጥገና ሐኪም ወረቀት ላይ ምላስ ስሎ አሳየን። «ይህን ጎን ከነዙሪያው እናነሳዋለን። ብዙ አይደለም። ግን መቆየት የለበትም» አለ።

አባቴ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀ። «መናገር እችላለሁ?»

«ይናገራሉ። መጀመሪያ ላይ ይከብድዎታል። እንደ ድሮው ጥርት አይልልዎት ይሆናል፤ ይኮላተፍብዎታል። ግን ይናገራሉ።»

አባቴ ራሱን ነቀነቀ። መኪና ውስጥ ስንመለስ ግን እንዲህ አለኝ። «ከማሽላው አጨዳ በኋላ እሄዳለሁ።»

ለምን እንደሆነ ገባኝ። በተራራው ሥር ባሉ ማሳዎች መካከል በክረምቱ ሰው ሞቶ ነበር። ጎርፍ ሲወርድ ሁሉም ውሃውን ወደየማሳው ለመጥለፍ ይሮጣል፤ በዚያ ሩጫ ሁለት ወጣቶች ተጣሉ፣ አንዱ ሞተ። ሟቹ የእናቱ አንድ ልጅ ነበር። አባቴ ለወራት ሲመላለስበት የከረመው ነገር ይህ ነው። ከአንዱ ወገን ወደ ሌላው፣ ከሌላው ወደዚህኛው። ከአጨዳው በኋላ ደሙ ሊደርቅ ቀን ተቆርጦለት ነበር።

«ምላሴን ቆርጠውኝ በምን እናገራለሁ?» አለኝ። «ይህቺን አንዲት ነገር ልጨርስ። ከዚያ ምላሴን የፈለጉትን ያድርጉት።»

ለመንኩት። እናቴ አለቀሰች። ቆቦ ያለችው ሐኪም ባጃጅ ይዛ መንደር ድረስ መጥታ ነገረችው፤ በአክብሮት ሰማት፣ ወተት አቀረበላት፣ ሐሳቡን ግን አልቀየረም። ወሬው እንዴት እንደ ሄደ አላውቅም። በኛ አገር ወሬ ከሰው ቀድሞ ይደርሳል።

አንድ ማለዳ የግቢያችን በር ላይ አንዲት አሮጊት ቆማ አየሁ። ጥቁር ለብሳለች፤ በበትር ተደግፋ ከሩቅ በእግሯ መጥታለች። የሟቹ እናት ነበረች። አባቴ ብድግ ብሎ ሊቀበላት ሄደ። ከግራሩ ጥላ ሥር አስቀመጣት። ገና ውሃ ሳትጠጣ ሌላ ሰው መጣ። የገዳዩ አጎት ነው። በሩ ላይ ደርሶ ሴትዮዋን ሲያይ ደርቆ ቀረ። እሷም አየችው። ልጇ ከሞተ ጀምሮ የሁለቱ ወገን ሰዎች አንድ ጥላ ሥር ተቀምጠው አያውቁም። እናቴ እጇን አፏ ላይ ጭና ቆመች። እኔ የያዝኩትን ጣሳ ማስቀመጫ አጣሁ።

አሮጊቷ ናት ቀድማ የተናገረችው። «ይግባ» አለች። «እኔ በመጣሁበት ጉዳይ ነው የመጣው።»

ሰውየው ገባ። ከጥላው ጫፍ፣ ግማሽ ሰውነቱ ፀሐይ ላይ ሆኖ ተቀመጠ። አሮጊቷ ወደ አባቴ ዞረች።

«ወንድሜ፣ የታመምከውን ሰማሁ። በእኔ ምክንያት ሳትሄድ መቅረትህንም ሰማሁ። የልጄ ደም እስከ ዛሬ ጠብቆሃል፤ አሁንም ይጠብቅሃል። አንድ ልጅ ቀበርኩ። አንተን ደግሞ በእኔ ነገር አልቀብርም። ሂድ ታከም።»

«ሳልጨርስ ብቀርስ?» አላት አባቴ።

«ተመልሰህ ትጨርሳለህ። እኔ ካንተ አፍ በቀር ከማንም አልሰማም። ቢኮላተፍም ካንተው ነው የምሰማው።»

ፀሐይ ላይ የተቀመጠው ሰውዬ ራሱን አቀርቅሮ፣ «እኛም ይህንኑ ልንል ነው የመጣን» አለ። «እስኪመለሱ ማንም ማንንም አይነካም። በአላህ ስም ቃል እንገባለን።»

ዕድሜውን ሙሉ ቃል ያልጠፋበት አባቴ እጆቹን ብቻ ወደ ሰማይ ዘረጋ፤ ሁለቱ ሰዎችም አብረው ዘረጉ። ያ ጥላ ሥር ያየሁትን ነገር ምን ብዬ እንደምጠራው አላውቅም። አንዲት ደጋ የተወለደች ልጅ በመስታወት ያየቻት ጥፍር የምታክል ነጭ ቦታ፣ ስንት ሽማግሌ ለወራት ደክሞ ያልቻለውን፣ እነዚህን ሁለት ሰዎች አንድ ግቢ ውስጥ አስቀመጠቻቸው። ሱብሃነላህ ከማለት ሌላ ቃል አልነበረኝም።

በሳምንቱ ደሴ ገባን። የቆላ ሰው ስለሆነ ከሁሉ በላይ ያስቸገረው ብርዱ ነበር፤ ሁለት ጋቢ ደርቦ እየተንቀጠቀጠ ወደ ቀዶ ጥገናው ክፍል ሲገባ ሙስበሃውን፣ የጸሎት መቁጠሪያውን፣ ለእኔ ሰጠኝ። ሐኪሙ ሲወጣ ፊቱን አይቼ ነው ያወቅሁት። ያሰበውን አንስቷል፤ አባቴም ብዙ አልደማም።

ለብዙ ቀን አልተናገረም። ፈሳሽ ምግብ በቀጭን ቱቦ ይሰጠው ነበር። የሚፈልገውን በእጁ ያሳየናል፤ ሰላምታን እንኳ በዓይኑ ነበር የሚመልሰው። ዝምታው አስፈሪ መስሎኝ ነበር፤ ግን አባቴ ዝም ሲል ደግሞ ሌላ ሰው ሆኖ አየሁት። የጎኑ አልጋ ላይ የነበረ ሰውዬ ሌሊቱን ስላሳለፈው ሥቃይ ያወራለታል፤ አባቴ ክንዱን ይዞ ብቻ ያዳምጠዋል። ሰውዬው ሲወጣ፣ «ምን ብሎ እንዳጽናናኝ አልረሳም» አለኝ። አባቴ አንድም ቃል አልነገረውም ነበር።

ሐኪሙ ቁስሉን ሊያይ ሲመጣ አንድ ቀን እኔም እንዳይ ፈቀደልኝ። ስፌቱን አየሁት። ኑሮዬ ስፌት ነው፤ የሰውን ስፌት አይቼ እጁን አውቀዋለሁ። እንዲህ ያለ ስፌት ግን አይቼ አላውቅም ነበር። እርጥብ፣ ለስላሳ፣ አንድ ቦታ አርፎ የማይቀመጥ ሥጋ ላይ፣ እኩል እኩል ተራርቆ፣ ሳይሸበሸብ ተሰፍቷል።

«ክሩ መቼ ይወጣል?» አልኩት።

«አይወጣም። ራሱ ይሟሟል።»

«ስፌቱስ?»

ሐኪሙ ፈገግ አለ። «ስፌቱ አያስፈልግም ያኔ። ሥጋው ራሱ ተያይዟል።»

እኔ የምሰፋው ልብስ ክሩ ከተፈታ ይፈታል። ዕድሜዬን ሙሉ ጥሩ ክር ስፈልግ የኖርኩት ለዚያ ነው። የአባቴ ምላስ ግን ክሩ ቀስ በቀስ ቢጠፋም እንደተያያዘ ቀረ። ያን ቀን ከክፍሉ ወጥቼ ኮሪደሩ ላይ ግድግዳ ተደግፌ ቆምኩ። አላህ ለሰው ሥጋ የሰጠውን ነገር እዚያ ቆሜ ነበር የማስበው። የተቆረጠው ቁራጭም ተመርምሮ ውጤቱ መጣ፤ ጠርዙ ሁሉ ንጹህ ነው፣ የቀረ ነገር የለም። አንገቱንም አዩት፤ ሰላም ነው። እየተመላለሰ መታየት ግን ይኖርበታል።

የመጀመሪያ ቃሉን የሰማሁት ቤት ከተመለስን በኋላ ነው። ጠዋት እናቴ አጥሚት ሰጠችው። ጽዋውን ወደ አፉ ሲያስጠጋ «ቢስሚላህ» ሊል ሞከረ። «ስ» የሚለው ድምፅ አልመጣለትም፤ እንደ ንፋስ ሆኖ በጎን ወጣ። እናቴ ጽዋውን ልትቀበለው ተሽቀዳደመች። እሱ ግን በእጁ ከለከላትና ደገመው። ደግሞ ደገመው። ሦስተኛው ላይ ራሱ ሳቀ፤ እኛም እያለቀስን ሳቅን።

ከዚያ በኋላ በየማለዳው ማሽላው ማሳ ዳር ይሄዳል። ወፍ የሚጠብቁት ወንጭፍ ያጮኻሉ፤ እሱ ደግሞ ጮክ ብሎ ቁርኣን ይቀራል። ሐኪሙ ልምምድ አድርግ ብሎታል፤ ከዚህ የሚበልጥ ልምምድ የለም አለ። ድምፁ ቀስ እያለ መጣ። ያው ድሮው ድምፅ ግን አይደለም። ዝቅ ያለ፣ ትንሽ የሚኮላተፍ፣ እንደ ደከመ ሰው የሚጎተት ነው።

ደሙ የሚደርቅበት ቀን ማሽላው ከታጨደ በኋላ ሆነ። ትልቁ ዋርካ ሥር የሁለቱ ወገን ሰዎች ተሰበሰቡ። በወጉ መሠረት በሁለቱ መካከል ሰፊ ባዶ ቦታ ይተዋል፤ ሽማግሌዎቹ ከላይ በኩል ይቀመጣሉ። ሴቶች በሟቹ እናት ዙሪያ ተቀመጥን። ሐኪሟም ከቆቦ መጥታ ከጎኔ ነበረች፤ አባቴ ራሱ ነው የጠራት። እንዲህ ያለ ነገር አይታ አታውቅምና ዓይኗ ከአንዱ ወደ ሌላው ይዞራል።

አባቴ ተነሳ። ሰው ሁሉ ያንን አገር የሚሞላ ድምፅ ጠበቀ። የወጣው ግን ሌላ ነው። ከኋላ ያሉት አልሰሙም። አንድ ሽማግሌ ከርቀት፣ «አልተሰማም!» አለ። አባቴ አልጮኸም፤ ሊጮህ አይችልም። ቃሉን እንደያዘ በዚያው ዝቅ ባለ ድምፅ ቀጠለ። ያኔ የገዳዩ ወገን ሰዎች ለመስማት ከተቀመጡበት ትንሽ ፈቀቅ አሉ። የሟቹ ወገንም ፈቀቅ አለ። አንድ ቃል ይላል፣ ሰው ጠጋ ይላል። ዳር ላይ ግመል ይዘው የቆሙት እንኳ ግመሎቻቸውን አስረው መጡ። አባቴ ስለ ውሃ ይናገር ነበር፤ ጎርፍ ለሁሉም እንደሚወርድ፣ ማንም ጠልፎ እንደማይጨርሰው። «ስ» በሚለው ፊደል ላይ ይደናቀፋል፣ ይቆማል፣ ቃሉን መልሶ ያነሳዋል። ማንም አልሳቀም። ማንም አልተቻኮለበትም።

ሐኪሟ ክንዴን ያዘችኝ። «ተመልከቺ» አለች በሹክሹክታ።

ቀና ብዬ አየሁ። በመካከላቸው የነበረው ባዶ ቦታ የለም። ለመስማት ሲጠጉ ሲጠጉ፣ የሁለቱ ወገን ሰዎች ጉልበታቸው ሊነካካ ደርሷል። ማንም አላዘዛቸውም። ብዙዎቹ ራሳቸውም አላስተዋሉትም። አባቴ እጆቹን ዘርግቶ ዱዓውን ሲጨርስ፣ ከሁሉ ቀድሞ «አሚን» ያለው ድምፅ የአሮጊቷ ነበር። ከዚያ ያ ሁሉ ሕዝብ በአንድ ላይ «አሚን» አለ። ብዙ ደም ሲደርቅ አይቻለሁ። እንዲህ ያለውን ግን ከዚያ በፊት አላየሁም፤ ከዚያም በኋላ አላየሁም። 

ሕዝቡ ሊበተን ሲል አባቴ ሽማግሌዎቹን አስቆማቸው። ሐኪሟን በእጁ አሳያቸውና፣ «እኔን ዛሬ እዚህ ያቆመችኝ ይቺ ልጅ ናት» አለ። «ሳያመኝ ነው ያየችኝ። እናንተም ሳያማችሁ አፋችሁን አሳዩ። እያንዳንዳችሁ ትምባሆና ጫት ጉንጫችሁ ውስጥ ይዛችሁ ነው የከረማችሁት።»

ቀልድ መስሎኝ ነበር። በቀጣዩ የገበያ ቀን ግን ከሱቄ ሆኜ ስመለከት የክሊኒኩ አግዳሚ በሽማግሌዎች ሞልቷል። ጥምጥም ያሰሩ፣ ነጠላ የደረቡ፣ ከአባቴ ጋር ሸንጎ የሚቀመጡት ቄስም ጭምር። ስፌቴን ትቼ ሄድኩ። ከውስጥ አንድ በአንድ የእነዚያ የተከበሩ ሰዎች «አአአ» ይሰማል፤ ውጭ ያሉት እንደ ልጅ ይሳሳቃሉ። ቄሱ ሲወጡ፣ «ጥርሴን ትታ አንገቴን ዳበሰችኝ፤ እናቴ ከሞተች እንዲህ የነካኝ ሰው የለም» አሉ። ከእነሱ መካከል ደሴ መሄድ ያስፈለገው አልተገኘም፤ ሁለቱን ግን ተመልሰው እንዲታዩ ቀጥራቸዋለች።

አባቴም አሁን በየወሩ ይመጣል። አንዳንዴ መንገዱ ይዘጋና ከሮቢት በባጃጅ በጓሮ በኩል ዞሮ ይደርሳል፤ አንዴም አልቀረም። ወንበሩ ላይ ጋደም ይላል፣ ኮፍያውን ለእኔ ይሰጠኛል። ሐኪሟ አንገቱን ትዳብሳለች፣ ጉንጩን ታያለች፣ ምላሱን በፋሻ ይዛ ወደ ግራም ወደ ቀኝም ታዘነብላለች። መብራቱን ጠጋ አድርጋ ለረጅም ጊዜ ስትመለከት እኔ ትንፋሼን ይዤ እቆማለሁ። ከዚያ ቀና ትልና ጓንቷን እያወለቀች፣

«ንጹህ ነው አባባ» ትለዋለች።